ስለ ጸጋ የምንከራከር ሰዎች

በዚህ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ስለ ጸጋ ክርክር ሳይሰማ አንድ ዓመት የፈጸመ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ባልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ሌላው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው የሚድነው በጸጋ ብቻ ነው ወይስ ሥራም ያስፈልገዋል እየተባባሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታሉ። አንደኛው ጳውሎስን ይጠራል፤ ሁለተኛው ያዕቆብን ይጠራል፤ ሦስተኛው ነገ ፈተና ያለበት ነውና «እባካችሁ መብራቱን አጥፉልን» ይላል። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ብዕሬን ያነሣሁት በነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ላይ ለመሣቅ አይደለም። ነገሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በዓለም ላይ ስንት አብያተ ክርስቲያናት የተለያዩበት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይኸውም፣ ይኸ ሁሉ ሲነገር ጸጋ የሚለው ቃል ከመኝታ ቤታችን ወጥቶ እስከ ግቢው በር ድረስ እንኳ የማይሄድ መሆኑ ነው።

ከግቢው በር ውጭ ማን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የሊስትሮ ሣጥኑን ከፊቱ አኑሮ በብሩሹ ጀርባ እንጨቱን እየመታ የሚጠራን ልጅ አለ። የክብደት መለኪያ ሚዛን በካርቶን ላይ አስቀምጦ፣ ክብደቱን ለማወቅ የሚጓጓ ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ አለ። ሶፍትና ማስቲካ ይዞ ከታክሲ ወደ ታክሲ የሚሮጥ አለ። ምንም የሚሸጠው ነገር የሌለውም አለ፤ እርሱ እጁን ብቻ ይዘረጋል። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ካገራቸው ልጆች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ ናቸው፤ ሲመሽ የሚገቡበት ቤት የሌላቸውም አሉ። ከነዚህ መካከል ዕድሜው ከ10 ዓመት የማይበልጥ ልጅ ማግኘት አያስቸግርም።

እንግዲህ እነዚህን ልጆች ስናልፋቸው የምንናገረውን ቋንቋ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ከኛ ይልቅ አስተዋይ ነው። ለማኝን «የኔ ቢጤ» ይለዋል፤ እኔን የሚመስል፣ እኩያዬ ማለት ነው። ይህን ቃል መጀመሪያ ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም እንጂ ከብዙ ሰባኪዎች የበለጠ ተናግሯል። ደግሞ ሳንቲም ላለመስጠት ስንፈልግ «እግዜር ይስጥህ» እንላለን። በሌላ አገር ሰው ሲከለክል የለኝም ይል ይሆናል፤ እኛ ግን የምንከለክለው በእግዚአብሔር ስም ነው። ልጁን ወደ ፈጣሪው እንልከዋለን፤ እኛ መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ባለጸጋ» የሚለው ቃል ነው። ባለጸጋ ማለት ሀብታም ማለት ነው፤ ባለጠጋ ብንለውም ያው ነው። የግዕዙ ጸጋ ስጦታ ነውና ባለጸጋ የተባለው ሰው በቃሉ መሠረት ስጦታ የተቀበለ ሰው እንጂ ሀብቱን ከራሱ ያመነጨ ሰው አይደለም። በዚህ አነጋገር እኛ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ባለጸጎች ነን። ይህን ስል ኪሱ ባዶ የሆነው ጓደኛዬ ይቆጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ የሊስትሮው ልጅ በሩ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲመለከት የሚያየው ማንን እንደ ሆነ ያስብ፤ ማንበብ የሚያውቅ፣ ሦስት ጊዜ የሚበላ፣ በአልጋ ላይ የሚተኛ፣ ነገ ምን እሆን ይሆን ብሎ ሲጨነቅ እንኳ ጭንቀቱ ስለ ዲግሪ የሆነ ሰው ነው የሚያየው።

በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን የባለጸጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ይኸ ነው፤ ያ ባለጸጋ አልዓዛርን መታው ተብሎ አልተጻፈም፤ ከደጁም አላስባረረውም። ያጣው ነገር ቢኖር በየቀኑ በዚያው በር ሲወጣና ሲገባ ማየትን ብቻ ነው። የሞቀ ክርክር ላይ ሆኖ ያልፈው እንደ ነበረም እገምታለሁ፤ ይኸ የኔ ግምት ነው እንጂ በመጽሐፉ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። በዚያን ቀን ሕፃኑ ምን ሠርቷል? ምንም። አልጾመም፤ አልሰገደም፤ አልመጸወተም፤ ማተቡ ሲታሠርለት አንገቱን እንኳ ቀና ለማድረግ አልጠነከረም። ያም ሆኖ ጸጋው ሙሉውን ይሰጠዋል፤ ቅቡዕ ሜሮን ይቀባል፤ ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያን የልጅነት ጸጋ የምትለው ይህን ነው። ሕፃናትን የማያጠምቁት የወንጌላውያን ጓደኞቻችንም ቢሆኑ ሕፃኑን ወደ ጉባኤው አምጥተው ይባርኩታል፤ ክርስቶስ ሕፃናትን አቅፎ እንደ ባረካቸው ያስተምራሉ። ሁለቱም ወገን በዚህ ላይ አይለያዩም፤ ጸጋ የሚገባውን ሰው ፈልጎ የሚመጣ ደመወዝ አይደለም። እንዲያውም ሰው ሳይገባው መቀበል ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከሕፃን የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ታዲያ በ40 ቀኑ ምን ሠራህ ሳንለው የተቀበልነውን ልጅ፣ በ8 ዓመቱ በበራችን ላይ ስናገኘው ለምን እንመረምረዋለን? «ይኸ ልጅ ሌባ ይሆናል፤ የሰጠሁትን ገንዘብ ማስቲሽ ይገዛበታል፤ ወላጆቹ ልከውት ነው፤ ከገጠር ማን ና አለው?» እንላለን። ምርመራው አንዳንድ ጊዜ እውነት አለው፤ እኔም አልክደውም። ነገር ግን ይህ ምርመራ ለኛ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ማናችን እናልፍ ነበር? ጸጋን በአፋችን እየሰበክን ለልጁ የምናቀርብለት ሕግ ግን የሚገባህን ብቻ ታገኛለህ የሚል ነው። ክርክራችን ከዚህ በር ላይ ሲደርስ ያዕቆብም ጳውሎስም የሚያሸንፉ አይመስለኝም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይከሱናል።

ከምርመራው የከፋ ደግሞ አለ፤ እርሱም ማብራሪያው ነው። ልጅ አካለ ስንኩል ሆኖ ሲወለድ፣ አእምሮው ሲዘገይ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ሲይዘው፣ ጎረቤት ከንፈሩን እየመጠጠ የእናቱን ኃጢአት ወይም የአያቱን እርግማን ይቆጥራል። በዚህ ምክንያት ልጃቸውን ከሰው ዓይን ሰውረው በጓዳ የሚያሳድጉ ወላጆች ዛሬም በአገራችን አሉ። የሚሰውሩት ስለሚጠሉት አይደለም፤ የኛን ማብራሪያ ስለሚፈሩ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ያቀረቡት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ በደሉ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ከዚያም ቁጭ ብሎ ስለ ሥቃይ ምክንያት ትምህርት አልሰጠም፤ ጎንበስ ብሎ ጭቃ ለወሰ። ሰውየው ወደ ሰሊሆም ሄዶ ታጠበ፤ አየ። የነገረ መለኮት ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም ይለኛል፤ ሊሆን ይችላል። ጭቃው ግን በቦታው አለ።

በመካከላችን የማያምኑ ጓደኞች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ጥያቄያቸውንም አከብራለሁ። እግዚአብሔር ካለ ሕፃን ለምን ይራባል ይላሉ። ይህን ጥያቄ ከነርሱ በፊት ያነሣና ከነርሱ ይልቅ አምርሮ የጻፈ ሰው ክርስቲያን ነበር። ሩሲያዊው ደራሲ ፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1880 በፈጸመው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ኢቫን የተባለው ገጸ ባሕርይ ስለ ሕፃናት ሥቃይ የሚያቀርበውን ክስ ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። ደራሲው ይህን ሲጽፍ የሰውን ኀዘን ከሩቅ እየተመለከተ አልነበረም። በ1878 አልዮሻ የተባለውን፣ ገና 3 ዓመት ያልሞላውን ልጁን በሚጥል በሽታ ምክንያት ቀብሮ ነበር። ለኢቫን በክርክር የሚመልስለት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አልፈጠረለትም። ይልቁንም የሞተ ልጁን ስም ለኢቫን ወንድም ሰጠውና ያንን አልዮሻን ወደ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ወደ አንድ ታማሚ ልጅ አልጋ ላከው። በበኩሌ ለዚህ ጥያቄ የቃል መልስ አለኝ የሚል ክርስቲያን ሳይ እጠራጠራለሁ። መልስ ባይኖረንም ግን ሥራ አለን።

ሥራውን የሠራ ሰው ለማየት ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በሰሜን ሸዋ የተወለዱ ሴት ናቸው። አባታቸው በጣልያን ወረራ ጊዜ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ በአያቶቻቸው ቤት አደጉ፤ በ10 ዓመት ግድም ሳይፈልጉ ቢዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እንግዲህ በበሩ ላይ ያለውን ልጅ ከውስጥ ያውቁታል ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ ረሀብ ገብቶ አገኙት። በመንገድ ላይ ከሞተች እናቷ ጡት ለመጥባት የምትታገል ሕፃን አዩ። ምእመን ከግሸን ሲመለስ የሚይዘው ነገር የታወቀ ነው፤ ጠበልና እምነት ይዞ ይመለሳል። እርሳቸው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ማሰብ የሚገባን። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመዶቻቸው አበደች እስከ ማለት ደረሱ፤ ቤትሽን ወይም ልጆቹን ምረጪ የሚል ነገር መጣ፤ እርሳቸውም ልጆቹን ይዘው ወጡ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ከዚያ የተነሣ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ሲያርፉ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» እየተባሉ ተሸኙ። ስያሜው ለክብር ነው፤ ነገር ግን የሰላሌዋን ሴት በሌላ ሴት ስም መጥራት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማየው ስለ ደግነታቸው ብቻ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ለነዚያ ሁለት ሕፃናት ሲመጸውቱ ለነፍሴ ይሁነኝ ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ዳቦውን ሰጥተው፣ ሳንቲሙን ጥለው፣ ጸሎት አድርሰው መመለስ ይበቃቸው ነበር። የኛ ምጽዋት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። በወር በዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተዘረጋውን እጅ ሁሉ በየተራ እንዳስሳለን፤ የአንዱን ስም እንኳ ሳንጠይቅ ወደ ቅጽሩ እንገባለን። ልጁ የኛ መዳኛ ሆነ እንጂ እርሱ ራሱ አልታየም። ጸጋን በነጻ ተቀብያለሁ የሚል ሰው ግን መንግሥተ ሰማያትን በ5 ብር መግዛት አያስፈልገውም። ስለዚህ እጁን ሳይሆን ልጁን ለማየት ጊዜ ሊኖረው ይገባል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሐምሌ 19 የምናከብረው ቅዱስ ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ነው፤ በአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ በስሙ ይጠራል፤ የታክሲ ረዳቶችም ቀኑን ሙሉ ስሙን ሲጮኹ ይውላሉ። ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት በስንክሳር ይታሰባሉ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ራሳቸው ከየት መጡ? ብዙዎቹ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ በሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው የለመኑ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ጸጋ ያስተማሩን መምህራን ያደጉት በማያውቋቸው ባላገሮች ቁራሽ እንጀራ ነው። የቆሎ ተማሪን ረሀብና እከክ እንደ ቅድስና ማሞገስ ግን አልወድም፤ ሕፃን መራብ የለበትም፣ ዳዊት ቢደግምም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በተለይ ከፖለቲካ ጓደኞቼ ዘንድ። ምጽዋት ቁስል መሸፈኛ ነው፤ የሚያስፈልገው ሥርዓቱን መለወጥ ነው ይላሉ። የዚህ ዓይነት ሐሳብ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ የቆየ ክብር አለው። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች፣ ለማኞችና ድኾች ከመንገድ ተለቅመው ሾላ በሚባል ካምፕ ውስጥ በክፉ ሁኔታ መታጎራቸውን ባወቁ ጊዜ፣ ድኻ መሆን ወንጀል ነው ወይ እያሉ አደባባይ ወጡ። ያ ጥያቄ ዛሬም ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ድኻ ከመንገድ ሲነሣ የት እንደሚወሰድ የሚጠይቅ ተማሪ ያስፈልጋልና። ነገር ግን ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ተለወጠ፤ ለሠፊው ሕዝብ ቆሜያለሁ የሚል መንግሥት መጣ፤ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕፃናት በረሀብ ይሞቱ ነበር። ሥርዓት መለወጥ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የሚመጣውንም ሥርዓት የሚያቋቁሙት ሰዎች ልጁን ማየት ያልለመዱ ከሆኑ ምን ይረባል ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ለመንገድ ልጅ ሳንቲም መስጠት በመንገድ ላይ እንዲቀር ማድረግ ነው ይባላል። እውነትነት አለው። ደግሞም ልጅን በትልቅ ማሳደጊያ ከማከማቸት በቤተ ሰብ ውስጥ ማሳደግ እንደሚሻል ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በሰፊው ይስማማሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ልጆቻችንን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ገዛ ቤታችን ተመልሶ መጥቷል። እኛ ተማሪዎች ልጅ ወስደን ማሳደግ እንደማንችል ግልጽ ነው፤ የምንኖረው በመኝታ ክፍል ውስጥ ነውና። ነገር ግን ሥርዓታችን ውስጥ አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ የክርስትና አባት፣ የክርስትና እናት። ይኸ ሰው ሕፃኑን በጥምቀቱ ቀን ታቅፎ ኃላፊነት ይወስዳል፤ በኛ ዘመን ግን ሥራው ስጦታ ይዞ በድግሱ ላይ መገኘት ሆኗል። ልጁን ወልዶ ሳይሆን ቃል ገብቶ የሚወስድ ዘመድ ማለት ነው። በበሩ ላይ ላለው ልጅ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ ለግቢ ጉባኤውም፣ ለወንጌላውያኑ የተማሪዎች ኅብረትም የማቀርበው አሳብ አለኝ፤ የሌላ እምነት ተከታዮችና የማያምኑ ጓደኞቻችንም ቢጨመሩበት ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ባዶ የሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች አሉ። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብንጠይቅ፣ በአካባቢው ለሚሠሩ ሊስትሮዎችና ሱቅ በደረቴ ልጆች የንባብና የሒሳብ ትምህርት መስጠት እንችላለን። የሕክምና ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ዓይናቸውንና ቆዳቸውን ቢያዩላቸው፣ መታከም ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ ቢያደርሱ ትልቅ ነገር ነው። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋሉ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ልመዝገብ ሲል ወላጅህን ወይም አሳዳጊህን አምጣ ይባላል፤ የልደት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ወረቀቱን ተከታትሎ የሚያስጨርስለት ታላቅ ወንድም የለውም። እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ልጅ ስም ይያዝ፤ አገሩን፣ ወላጆቹን፣ የት እንደሚያድር ይወቅ፤ ልጁ ሁለት ቀን ከጠፋም ሄዶ ይጠይቅ። ገንዘብ ብዙ አይፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ፣ ለሚራበው ደግሞ ዳቦ።

ከሁለቱ ማኅበራት አንዱ ብቻውን ቢጀምረው ሌላው ልጆቹን ሊወስድብን ነው ብሎ እንደሚጠረጥር እገምታለሁ። ስለዚህ በአንድነት ይጀመር፤ በክፍሉ ውስጥም ስብከት አይደረግ። ያ ልጅ ለማንኛችንም ክርክር ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ስለ ሰዓቱ ከጥቂት ልጆች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሊስትሮ ሣጥኑን የሚዘጋው ሲመሽ ነው፤ ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ማሰብ አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዳንዶቹ ይችላሉ። እሑድ ጠዋት ግን ከቶ አይሆንም ብለውኛል፤ ሰው ጫማውን አስጠርጎ ወደ አምልኮ የሚሄድበት ሰዓት ስለሆነ ለነርሱ ከሳምንቱ ሁሉ ዋናው ገበያ ነው።